የሲስተር ትርሲት ቁጣ

እኔ የበሽተኛ አልጋ ላይ አልቀመጥም። እንዲህ የሚል ደንብ ሆስፒታሉ የለውም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ለራሴ። ወገቤ ቢቆረጥ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝ፣ በሽተኛው እጄን ይዞ ቢለምነኝ ቆሜ ነው የማናግረው። እጄንም ቀስ ብዬ አስለቅቃለሁ። ላየኝ ሰው ክፉ እመስላለሁ፤ ይሁን። ክፉ መምሰል ስራዬ ከሆነ ሰንብቷል።

ዛሬ ግን ተቀምጫለሁ። መነሳት ስለማልችል ጊዜ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ልናገር።

ስሜ ትርሲት ያፌት ነው። ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት ነኝ፣ ደረጃ ሰባት፣ የስራ መደቤ “ምንጭ” ይባላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል አራተኛው ፎቅ የኔ ነው። እናቴ ነርስ በነበረችበት ዘመን አንድ ዋርድ ውስጥ ሰው ከሰው ይጋፋ ነበር አሉ፤ ተረኛው፣ ተለማማጁ፣ ኃላፊዋ፣ በዚያ ላይ አልጋው ስር ምንጣፍ አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚ። ዛሬ ፎቁ ላይ በእግሩ የሚሄድ ጤነኛ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። መርፌውን አልጋው ይወጋል፣ ሽንቱን አልጋው ይለካል፣ ገላ የሚያጥበው ክንድ ከግድግዳው ይወጣል። አስታማሚ ቀርቷል። ቤተሰብ ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ሆኖ በስክሪን ይጠይቃል፤ “እግዜር ይማርህ” ይሉታል ለስክሪኑ፣ እሱ ያደርስላቸዋል።

አብረውኝ የተመረቁት የት ደረሱ ብትሉኝ፣ አንዷ አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጓንት አጥልቃ ባህር ማዶ ያሉ ሽማግሌዎችን በማሽን ክንድ ከርቀት ስታገላብጥ ትውላለች። ማታ የራሷን ልጅ ስታቅፍ ቆዳው እንግዳ ይሆንባታል አለችኝ፤ ሙቀቱ ያስደነግጣታል። አንዱ ሀብታም ቤት ተቀጥሮ አንድ ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ሲተኛ ያያል። ሌላዋ ሙያውን እርግፍ አድርጋ ጥፍር ትሰራለች፤ ከሁላችን ከልቧ የምትስቀው እሷ ናት። ከበሽተኛ አጠገብ ቆሞ ማርጀት ለፈለገ የቀረው መንገድ ምንጭ መሆን ነው። ስንት ሰው ተፈትኖ ወድቆ እኔ አልፌ ቦታውን ያገኘሁ ቀን ጎረቤት በግ አርዶልኛል። አባቴ በደስታ አለቀሰ።

ምንጭ ማለት ደልዳዩ የሚያያት ነርስ ናት። ደልዳዩን የማያውቅ የለም፤ ኦክስጅኑ ለማን፣ መድኃኒቱ ለማን፣ ማን ወደ ቤቱ፣ ማን ወደ ስድስተኛ ፎቅ ብሎ የሚያከፋፍለው ማሽን ነው። ጣሪያው ሁሉ ዓይኑ ነው። የበሽተኛውን ደም ያውቃል፣ ትንፋሹን ያውቃል። አንድ ነገር ግን ይጎድለው ነበር አሉ፤ ልምድ ያላት ነርስ ገና በሩ ላይ እንደቆመች “ይሄ ሰውዬ አላማረኝም” የምትለውን ነገር። እሱን ከእኛ ይቀዳል። አይጠይቀኝም፣ እኔም አልነግረውም። ስራዬን ስሰራ ያየኛል፣ በቃ። ከኔ ያየውን ደግሞ በክልሉ ያሉ ሆስፒታሎች ሁሉ ይሰሩበታል።

ከየአልጋው ራስጌ በላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከሆነ ህክምናው ይቀጥላል። ቢጫ ከሆነ ተሸካሚው ይመጣል፤ ከአልጋው ስር ይገባና ከነበሽተኛው ብድግ አድርጎ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ይወስደዋል። ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ድምፅ የለውም፣ አይቸኩልም። ሁለት ሰው ያለበትን አልጋ ግን አያነሳም፤ እናት ልጇን አቅፋ ከተኛች በሩ ላይ ቆሞ እስክትነሳ ይጠብቃል። ስድስተኛ ፎቅ “ማረፊያ” ይባላል። እዚያ ህመም የለም። መድኃኒትና ኦክስጅንም የለም። ማስታገሻ አለ፣ ለስላሳ ሙዚቃ አለ።

ይሄን ሁሉ ለምጄው ነበር እኮ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ጉዱን ያወቅኩት በናሆም ነው። ናሆም የጭነት መኪና አጃቢ ነው፤ መኪናው ራሱን ይነዳል፣ እሱ ሌባ ይጠብቃል። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ድኖ ነበር፤ በማግስቱ ወደ ቤቱ ሊሄድ። ከሰዓት በኋላ ስዞር ጉልበቴን ያዘኝና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ጉልበቴ ነው። እሱም ወሬ አገኘ። ታርማበር ላይ መኪናው በጉም ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ አልሄድም እንዳለው፣ እሱም ወርዶ እንደ በቅሎ በምርቃት እንደለመነው ነገረኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሲስተር፣ አትሳቂብኝና ቀዶ ጥገናው ቀን ልጆቼን ዳግም የማያቸው አልመሰለኝም ነበር” አለኝ። እጁን መታ መታ አደረግኩና “አይዞህ፣ አለፈ” አልኩት።

ጠዋት ስገባ ናሆም ጫማውን አድርጎ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ፣ አልጋው ላይ ተቀምጧል። መብራቱ ቢጫ ነው። ተሸካሚው ከስር ገብቷል፣ የአልጋው ማቀፊያ ጭኑን ይዞታል።

“ሲስተር፣ ይሄ ነገር ወዴት ነው የሚወስደኝ? እኔ እኮ ወደ ቤቴ ነኝ” አለኝ። ገና እየሳቀ ነበር።

ከጣሪያው የሴት ድምፅ መለሰለት። “አይዞህ። ምንም የለም። ትንሽ አረፍ በል።”

ድምፁ የኔ ነበር። ስቀጠር ድምፄን እንደሚወስዱ ፈርሜያለሁ፣ አላስታወስኩትም ነበር። አልጋው ከክፍሉ ሲወጣ ናሆም አንገቱን አዙሮ አየኝ። አሁን አይስቅም።

ወደ ድልድል ክፍል ኃላፊው ሮጥኩ። አቶ ኢዮስያስ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ ሳያስቀምጥ አያናግርም።

“ጤነኛ ሰው ወሰደብኝ። ጫማውን አድርጎ!” አልኩት።

“ደልዳዩ ተሳስቶ አያውቅም ሲስተር። ስድስተኛ ፎቅ ካወጣቸው ውስጥ ድኖ የወረደ አንድ ሰው የለም።”

“መድኃኒት ተከልክሎ፣ ደንዝዞ ተኝቶ ማን ይድናል?”

“እሱ ሌላ ጥያቄ ነው” አለ፣ ሳይቆጣ። “ደግሞም የእርስዎ ግምት ነው እኮ የሰራው። ትናንት አጠገቡ ተቀምጠዋል።”

“ጉልበቴን አሞኝ ነው!”

“እሱን ደልዳዩ በምን ያውቃል?”

ተማሪ ሳለን አስተማሪዎቻችን ያሉን ነገር መጣብኝ፤ ሰው ብቻውን አይሙት፣ ሌላ የምታደርጉለት ነገር ሲያልቅ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጁን ያዙት። እኔም እድሜ ልኬን እንዲሁ ሳደርግ ኖርኩ። ለሚድን ሰውማ ማን የመቀመጫ ጊዜ አለው? ለሚድን ሰው ያለን ቁጣ ነው። ተነስ፣ ብላ፣ ምን ያጋድምሃል፣ መድኃኒቱን ለምን ተፋኸው። የነርስ ቁጣ አገር ያወቀው ነው፤ የኔ ደግሞ ይብሳል፣ ከልጅነቴ አፌ አያርፍም። ጣሪያው ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ኖሯል። ሲስተር የተቀመጠችበት ሰው ይሞታል። ሲስተር ለስለስ ያለችለት ሰው ይሞታል። ተምሮ ጨረሰ። የኔን ደግነት የሞት ምልክት አደረገው።

ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ወጥቼ አላውቅም፤ ለምን እወጣለሁ፣ ስራዬ አራተኛው ላይ ነው። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ፣ የሚሸተው ደግሞ የህጻን ሳሙና ነው። አልጋው በረድፍ፣ በረድፍ። ከእያንዳንዱ ራስጌ የኔ ድምፅ ይወርዳል፤ አይዞሽ፣ አይዞህ፣ አይዞሽ እናቴ፣ ምንም የለም፣ አረፍ በል። መቶ እኔ፣ ሁሉም ደግ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል የናሆምን ጫማ አየሁት፤ ከብርድ ልብሱ ስር ወጣ ብሎ፣ እንደታሰረ።

ያኔ ንዴት አነቀኝ። የምሰራውን አስቤ አይደለም፣ ውሸት አልናገርም። “አንተ! በጫማ አልጋ ላይ ይወጣል? ቤትህ እንዲህ ነው የምትተኛው?” አልኩት። ዓይኑን በግድ ገለጠ። “ተነስ! ምን ያጋድምሃል፣ ልጆችህን ማን ያብላልህ? ደግሞ ያዛጋል! ተነስ አልኩህ!” ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ከራሱ በላይ ያለው ድምፄ መሃል ላይ ተቋረጠ። መብራቱ ትንሽ ቆየና አረንጓዴ ሆነ።

ተሸካሚው መጥቶ ወደ ታች አወረደው። የቀሩትንም እየዞርኩ ተቆጣኋቸው። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። አብዛኞቹ ሊሰሙኝ የሚችሉ አልነበሩም፤ ሁለት ሰው ብቻ ዓይኑን ገለጠ፣ ሁለቱም ወረዱ።

ናሆም ቤቱ ከመግባቱ በፊት ፎቁን ሁሉ አዳረሰው። “ሲስተር ትርሲት የተቆጣችው ሰው ይድናል” አላቸው። ከዚያ ወዲህ ዋርዱ ዋርድ አልመሰለኝም። ጠዋት ስገባ ሰው ሁሉ ጥፋት ሰርቶ ይጠብቀኛል። ትራስ ይወረውራሉ፣ ምግባቸውን ይደብቃሉ፣ ካባ ለብሰው ሲታዩ የሚያስፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ካልሲያቸውን ሾርባ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው። መስኮቱ ጋ የተኙት እማማ ሶልያና፣ በዘመናቸው ዳኛ የነበሩ ሴት፣ አንድ ጠዋት ሳልቆጣቸው ባልፍ ቀሚሴን ያዙኝ።

“እኔንስ? ምን አጠፋሁ ብለሽ ነው ዝም ያልሽኝ?” አሉኝ።

“እርስዎማ ራስዎን ችለው መቀመጥ አቅቶዎት ነው! ልጅ ነዎት? ቀና ይበሉ!” አልኳቸው።

“ተመስገን” ብለው ተደላደሉ። ሰው ተሰድቦ ሲመርቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አየሁ። እኔም ሁሉንም መቆጣት ጀመርኩ፣ ሞቱ ፊቱ ላይ የተጻፈበትን ሰው ሳይቀር። እጁን መያዝ ያለብኝን ሰው ጮኼበት እወጣለሁ። ብቻቸውን ሞቱ። ግን ኦክስጅኑ አፍንጫቸው ላይ እያለ ሞቱ፤ ይሄን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እንዲህ ባለንበት ነው አባቴን ያመጡት። የሳንባ ምች። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በቤታችን ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረበትን ቀን አላስታውስም። ስናጠፋ ዝም ብሎ ያየናል፣ እሱ ይበቃን ነበር። የኔን ቁጣ ከማን እንደወረስኩት ሁሌም ይገርመው ነበር። ተሸካሚው አልጋውን ከእማማ ሶልያና አጠገብ ሲያስቀምጠው ከንፈሩ ሰማያዊ ነው፣ ኦክስጅኑ ሽው ይላል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈና “ቁጭ በይ እንጂ ልጄ” አለኝ።

“ምን ቁጭ በይ ትለኛለህ? ስራ ፈት መስዬሃለሁ? ትራሱን ለምን ጣልከው? ቀና በል!”

ክው አለ። እጁን ቀስ ብሎ መልሶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው። “እሺ፣ እሺ” አለኝ፣ የቤት ስራ እንዳልሰራ ተማሪ። የቆሸሸ ልብስ የሚጣልበት ክፍል ውስጥ ጣሪያው ዓይን የለውም። እዚያ ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። በማግስቱም ተቆጣሁት። እሱም “እሺ” ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ ነኝ ልጁ፣ ሌላ ጠያቂ አጠገቡ አይደርስም፣ እኔም ጠላቱ ሆንኩበት።

ያዳኑኝ እማማ ሶልያና ናቸው። አንድ ቀን በሩ ጋ ስደርስ ሲያጫውቱት ሰማሁ።

“ጋሽ ያፌት፣ ሰው እንዴት በዚህ ያዝናል? ተቆጣችዎት እኮ። እኔን ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው የተቆጣችኝ፣ እርስዎን ግን ስትገባም ስትወጣም። የናሆምን ነገር አልነገሩዎትም?”

ነገሩት። ሲሰማ ቆይቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። በነጋታው ስገባ ማንኪያውን መሬት ላይ ወርውሮ ጣራ ጣራውን ያያል። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ አለች። “ይሄ ማንኪያ እግር አወጣ?” ብዬ ጮህኩበት። “ይቅርታ ሲስተር፣ ሁለተኛ አይለምደኝም” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ይሄ የኛ ጨዋታ ሆነ። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ይጥላል፣ አንድ ቀን መድኃኒቱን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ እንደ ህጻን ያሳየኛል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ እማማ ሶልያና አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። የልጅነቴን ያህል የቀረብኩት መሰለኝ።

ሳንባው ጸዳ። ስራዬ ነው፣ አውቃለሁ። ጥፍሩ ወደ ቀለሙ ተመለሰ፣ ሲያወራ ትንፋሽ አያጥረውም፣ መብላት ጀመረ። ትንሽ ቀን ኦክስጅኑን ከታገሰ ቤቱ ይገባል። ይሄን እወቁልኝ፤ ይድን ነበር።

ዛሬ ጠዋት አቶ ኢዮስያስ አስጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ። “እንኳን ደስ አለዎት ሲስተር። ደረጃ ስምንት ጸድቆልዎታል። እዚህ የደረሰ ነርስ በክልላችን የለም” አለኝ።

“ምን ሰርቼ?”

“ቁጣዎ ትርጉም አጥቶ ነበር፤ ሁሉንም ስለሚቆጡ። መቀመጥም ተዉ። ደልዳዩ ሁለቱንም ወደ ጎን አደረጋቸውና ራሱ ሌላ ነገር ፈልጎ አገኘ። ከበፊቱ የበለጠ ትክክል ነው።” ፊቱ ላይ ከልቡ የሆነ አድናቆት አለ። “አንደበትዎን ትቶ የልብ ምትዎን ነው የሚያየው። የእጅዎን ላብ፣ በር ላይ የሚቆሙበትን፣ ትንፋሽ የሚይዙበትን። ጥሩ ነርስ ለሚሞት ሰው ከማንም ቀድማ ትፈራለች። ባታውቀውም ትፈራለች። እሱ ፍርሃትዎን ያነባል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዛሬ ጠዋት።”

በዚህ ፎቅ ላይ ከሁሉ አብልጬ ለማን እንደምፈራ ለማወቅ ደልዳይ መሆን አያስፈልግም።

“እኔ የምፈራው ስለሚሞት አይደለም” አልኩት። “አባቴ ስለሆነ ነው።”

“እሱን ደልዳዩ በምን ያውቃል?” አለኝ እንደገና። ልማድ ሆኖበት ነው፣ ለክፋት አይደለም።

“ስራዬን ልልቀቅ።”

“መብትዎ ነው። ግን በጠያቂነትም ቢመጡ ያውቅዎታል።”

“ዋርዱ ውስጥ ካልገባሁስ?”

“ምንጭ የሸሸችው አልጋ…” ብሎ ሊቀጥል ሲል ተነሳሁ። የሸሸሁት አልጋ መብራቱ ቢጫ እንደሚሆን ገብቶኛል።

ኮሪደሩ ላይ እጄን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ላቡ ተመልሶ መጣ። ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። የማይረባ ነገር ለማሰብ ሞከርኩ፤ የሽንኩርት ዋጋ፣ ጣሪያችን የሚያፈሰው ውሃ፣ ጥፍር የምትሰራው ጓደኛዬ ቀይ ቀለም። ይድናል፣ ይድናል እላለሁ ለልቤ። ልቤ ያውቃል፣ ግን አይሰማኝም። በር ላይ እንዳልቆም ብዬ ዘው አልኩ።

መጀመሪያ እማማ ሶልያናን ተቆጣሁ። ከራስጌያቸው በላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ንቅንቅ አላለም። ለእሳቸው አልፈራሁም ማለት ነው፤ አፈርኩ፣ አለፍኩ።

አባቴ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቁርሱን አጽድቶ በልቷል። ብርድ ልብሱን ሆን ብሎ መሬት ላይ ጥሎታል፣ ያቺ ሳቅ ከንፈሩ ጫፍ ላይ አለች፣ ይጠብቀኛል።

“ይሄ ብርድ ልብስ መሬት ላይ ምን ይሰራል? ስንቴ ልናገር?” አልኩ። ድምፄ ደህና ወጣ። ጥሩ ነው አልኩ በሆዴ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ እግሩ ላይ ጣል አደረግኩለት፣ “ሁለተኛ ብትጥለው ያለ ብርድ ልብስ ነው የምታድረው፣ ሰማኸኝ?”

“ይቅርታ ሲስተር” ሊለኝ አፉን ከፈተ። አላለም። ፊቴን አየ። እድሜውን ሙሉ የልጆች ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ያቺ ሳቅ ቀስ ብላ ጠፋች።

“ልጄ፣ ምን አስፈራሽ?”

“ምንም አልፈራሁም! ስራ በዝቶብኝ ነው።”

“ለኔ ነው?”

ቀና አልኩ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ሽው የሚለው የኦክስጅኑ ድምፅ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ተቋረጠ።

“አይዞህ አባቴ” አለ ከላይ ድምፄ። “ምንም የለም። አረፍ በል።”

አባቴ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ። “አንቺ ነሽ?”

“አይደለሁም። አባዬ፣ እኔ አይደለሁም።” ከዚያ ጮህኩ። የማውቀውን ቁጣ ሁሉ ጮህኩበት። ተነስ አልኩት፣ ሰነፍ አልኩት፣ ምን ያጋድምሃል አልኩት፣ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ተሳደብኩ። እማማ ሶልያናም ከጎን “ተቆጪው፣ ተቆጪው” እያሉ ያለቅሳሉ። መብራቱ አልተነቃነቀም። ከላይ ያለችዋ እኔ ሳታቋርጥ ታባብለዋለች። እኔ በጮህኩ ቁጥር ልቤ ይበልጥ ይመታል፣ ልቤ በመታ ቁጥር እሱ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል።

ተሸካሚው በሩ ላይ ደረሰ።

አባቴ አየው። ሳልነግረው ገባው መሰለኝ፣ ወይ አልገባው ይሆናል፣ አላውቅም። ከመጣ ቀን ጀምሮ የለመነኝን ነገር መልሶ ለመነኝ። እግሩን ሰበሰበና አልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

ተቀመጥኩ። ሁለት ሰው ያለበትን አልጋ አያነሳም። እጁን ያዝኩት፣ እሱም አጥብቆ ያዘኝ። ትንፋሹ እንደገና ማጠር ጀምሯል። ከንፈሩን እያየሁ ነው፣ ሌላ ቦታ አላይም። “በመጨረሻ ተቀመጥሽልኝ” አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ተሸካሚው በሩ ላይ ቆሞ እስክነሳ ይጠብቃል። እሱ አይደክመውም።